የዘጌው ሠዓሊ
የነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ አጭር የሕይወት ታሪክ

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል። እኛም የዱርቤቴ ልጆች በዚህ ተረት ሳንነካ አንቀርም። ግልገል ዓባይ በአገራችን በኩል አልፎ ወደ ጣና ይወርዳል። እሱ ከሚገባበት ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ፣ ከባሕር ዳር ማዶ፣ ዘጌ የሚባለው ልሳነ ምድር በደን ተሸፍኖ ይታያል። በአማርኛ ቋንቋ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ መጽሐፍ የደረሱት፣ ወደ አውሮጳ ተልከው የሥዕልን ጥበብ ከተማሩት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ የነበሩት ሰው የተወለዱት በዚሁ በዘጌ ነው። ነገር ግን በክፍላችን መምህራችን ስማቸውን ጠይቀው እጃችንን ያወጣነው ሁለት ብቻ ነበርን። የሐይቁ ጎረቤቶች ሆነን የሐይቁን ልጅ ሳናውቅ ቀርተናል።

ለዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ስለ ማን እንደምንጽፍ በተመካከርን ጊዜ ይህ ስም ሲነሣ ክርክር ሆነ። አንዱ ጓደኛችን፣ አገሩን ለጠላት አሳልፎ የሰጠ ሰው በበዓል መጽሔት ሊታሰብ አይገባውም ሲል ተቃወመ። ሌላው ደግሞ ሥራው ቋንቋችንን ያሳደገ ሰው ሊረሳ አይገባውም አለ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ስለዚህ የኚህን ሰው ሕይወት መልካሙንም ክፉውንም ሳንደብቅ በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ይሻላል ብለን ቆረጥን። ዓ.ም. ተብሎ ያልተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልን።

አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባትን ምድር ያላየ ሰው የኋላ ጠባያቸውን ለመረዳት ይቸገራል። በዘጌ ሞፈርና ቀንበር አይታወቅም። በሬ ጠምዶ ማረስ ከጥንት ጀምሮ የተከለከለ ነው። ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ። ሕዝቡም በእነዚህ ተክሎች እንዲኖር፣ እርሻና ከብት እንዲተው ታዘዘ ይላሉ። እንዲህም በመሆኑ ደኑ ሳይመነጠር ኖሯል። በታላላቁ ዛፍ ጥላ ሥር ቡናው ይበቅላል፤ በቅጠሉ መካከል የሚገባው የፀሐይ ብርሃን በመንገዱ ላይ እንደ ተበተነ ወርቅ ይወድቃል፤ ጦጣው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል። ከደኑ ሲወጡ ደግሞ ሰፊው ጣና ይገጥማል። ጠዋት እንደ ወተት ነጭ፣ ቀትር ላይ ሰማያዊ፣ ወደ ማታ የመዳብ መልክ ያለው ውኃ ነው። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች ከሩቅ ሲታዩ በውኃው ላይ የተቀመጡ ወፎች ይመስላሉ። ዓይን ያለው ልጅ በእንዲህ ያለ ስፍራ ተወልዶ መልክንና ቀለምን ሳይወድ ሊያድግ አይችልም።

በዘጌ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ነበር፤ እሱም የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም የሚባሉት አድባራት ክብ ናቸው፤ የመቅደሳቸው ግድግዳ በሥዕል መሸፈን በጣና ዳርቻ የቆየ ልማድ ነው። ያገራችን ሠዓልያን ጨርቁን በግድግዳው ላይ ለጥፈው በደማቅ ቀለም ይሥሉበታል። ጻድቃኑ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎቹና አጋንንቱ ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን ብቻ። ጥላ የለም፤ የሩቅና የቅርብ ልዩነትም የለም። በዚህ አሣሣል ዋናው ነገር ማንበብ የማይችለው ምእመን ታሪኩን በዓይኑ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ወጣቱ አፈ ወርቅ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የቀሰሙት እንዲህ ባለው አካባቢ ነበር።

በዚያ ዘመን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የአውሮጳን ጥበብ ወደ አገራቸው ለማስገባት ይጥሩ ነበር። ከውጭ አገር ባለሙያ ከማስመጣታቸውም በላይ ያገር ልጆች ሄደው እንዲማሩ ፈለጉ። አፈ ወርቅም ወደ ቤተ መንግሥቱ ቀርበው ስለ ነበር ከተመረጡት ጥቂት ወጣቶች አንዱ ሆኑ። በ1887 ወደ ኢጣልያ ተሻገሩ። ዕድሜያቸው ገና ሃያ አልሞላም ነበር። ዛሬ በአውሮፕላን በሰዓታት የሚደረሰው መንገድ ያን ጊዜ በበቅሎና በእግር በረሃውን አቋርጦ ወደ ባሕር መውረድን፣ ከዚያም በመርከብ መሣፈርን ይጠይቅ ነበር። የዘጌው ልጅ ከጣና የሚበልጥ ውኃ በዓይናቸው ያዩት በዚህ ጉዞ መሆን አለበት።

የገቡበት ትምህርት ቤት በቶሪኖ ከተማ የሚገኘው አልቤርቲና የተባለው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ነው። ቶሪኖ በሰሜን ኢጣልያ ያለ ከተማ ሲሆን፣ ሰማዩ በጠራ ቀን በረዶ የለበሰው የአልፕስ ተራራ ከከተማው ይታያል። እንዲህ ባሉት አካዳሚዎች የሚሰጠው ትምህርት በዘጌ ግድግዳ ላይ ከሚታየው የተለየ ነበር። ተማሪው አስቀድሞ በእርሳስ የሐውልትን ቅርጽ ደጋግሞ ይነድፋል፤ ቀጥሎ የሰውን አካል አጥንትና ጡንቻ እያጠና ይሥላል። ብርሃን ከየት እንደሚመጣ፣ ጥላ ወዴት እንደሚወድቅ ይማራል። የቅርቡን አግዝፎ፣ የሩቁን አሳንሶና አደብዝዞ መሣልን ይለማመዳል። ይህን ትምህርት የተማረ ሰው ተራራን ሲያይ ቀድሞ ካየው ሌላ ተራራ ያያል። አፈ ወርቅ በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያውያን እጅግ ጥቂቶች ያገኙትን ይህን ዕውቀት ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በተመለሱም ጊዜ በእንጦጦ ቤተ ክርስቲያን እንዲሥሉ ታዘዙ። በእንጦጦ ተራራ ላይ ሁለት የአሣሣል መንገዶች ተገናኙ ማለት ነው፤ አንዱ ከአባቶች የተወረሰው፣ ሁለተኛው ከባሕር ማዶ የመጣው። ይህ ጥያቄ ከእሳቸው በኋላም ለመጡት ሠዓልያን ሁሉ ተርፏል። ከጎንደር ተነሥተው በፓሪስ የተማሩት አገኘሁ እንግዳም፣ ከእሳቸው በኋላ የተነሡት ሌሎችም፣ ከውጭ የተማሩትን ካገር ቤቱ ጋር እንዴት ማስማማት እንደሚገባ ሲጨነቁ ኖረዋል። የመጀመሪያውን መንገድ ከጠረጉት መካከል ግን የዘጌው ሰው ይገኙበታል።

ታሪካቸው በዚሁ ቢቀጥል ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ሥዕላቸው ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን በ1894 ዐፄ ምኒልክ እንደ ገና ለትምህርት ላኳቸው። አሁን የተላኩት ወደ ስዊስ አገር፣ ወደ ኔሻቴል ነበር። አብረዋቸው የሄዱት የራስ ዳርጌ ልጅ ጉግሣና ኪታው ዘጌዬ ናቸው። በዚያን ጊዜ በውጫሌ ውል ምክንያት በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል የተነሣው ጠብ ወደ ጦርነት እየተለወጠ ነበር። ጦርነቱ በተቃረበ ጊዜ ሦስቱ ተማሪዎች የተላኩበትን ትምህርት ቤት ጥለው ወደ ኢጣልያ ገቡ። ጣልያኖች የንጉሣዊ ዘር የሆነውን ጉግሣን በምኒልክ ላይ ሊጠቀሙበት አስበው ነበርና በደስታ ተቀበሏቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት በዓድዋ ድል ሲያደርግ፣ በንጉሡ ገንዘብ የተማረው ሠዓሊ በድል አድራጊዎቹ ወገን አልተገኙም። ከዚህ በኋላ ወደ አገራቸው መመለሻው መንገድ ለብዙ ዓመታት ተዘጋባቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን አንድ ሌላ የሐይቅ አገር ልጅ እናስታውስ። በአውሮጳ ሰሜን፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሐይቆች ባሏት በፊንላንድ፣ አክሴሊ ጋለን ካሌላ የሚባል ሠዓሊ በ1865 ተወለደ። ከአፈ ወርቅ የሚበልጠው በሦስት ዓመት ብቻ ነው። አገሩ በሩስያ ቄሣር ግዛት ሥር ነበረች። እሱም በወጣትነቱ ወደ ፓሪስ ሄዶ የሥዕልን ጥበብ ተማረ። ግን ተምሮ ወደ ደኑና ወደ ሐይቁ ተመለሰ። በ1905 የሣለው ኬይቴሌ የተባለው ሐይቅ፣ ነፋስ በውኃው ላይ የሚያሰምረው የብር መሥመር ሳይቀር የሚታይበት፣ በዓለም የታወቀ ሥዕል ሆኗል። የሕዝቡንም የጥንት ተረት በሥዕል እያሳየ፣ ነፃነት ለሌለው ሕዝብ ማንነቱን የሚያይበት መስተዋት ሰጠው። ይህ ሰው በ1909ና በ1910 ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ኬንያ መጥቶ የአፍሪካን ሜዳ ይሥል ነበር። ነገሩ የሚያስገርም ነው፤ የፊንላንዱ ሠዓሊ የአፍሪካን ምድር በሚሥልበት ሰዓት የጣናው ሠዓሊ በኢጣልያ ከተማ ተቀምጠው አገራቸውን በትዝታ ያዩ ነበር።

ያ ከተማ ናፖሊ ነው። አፈ ወርቅ ከ1902 ጀምሮ ዐሥር ዓመት ያህል በናፖሊ የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት፣ የፕሮፌሰር ፍራንቼስኮ ጋሊና ረዳት ሆነው አማርኛ አስተማሩ። ኢጣልያዊት ሚስት አገቡ። በዚህ ዘመን ብሩሹ ለብዕር ቦታውን ለቀቀ፤ መጻሕፍታቸውም ተከታትለው ወጡ። በ1905 የአማርኛ ሰዋስውና የኢጣልያንኛና የአማርኛ መነጋገሪያ አሳተሙ። በ1908 ለመንገደኛ የሚሆን የፈረንሳይኛና የአማርኛ መጽሐፍ አወጡ። በዚህ መጽሐፍ የቋንቋ ማስተማሪያ መስሎ ብዙ ትችት ተጽፎበታል፤ በተለይም ወታደሩ በባላገሩ ላይ የሚያደርሰው ግፍ በብርቱ ተነቅፏል። በ1911ም ስለ አማርኛ ግሥ የሚናገር መጽሐፍ ጨመሩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በዚያው በ1908፣ ማለት በ1900 ዓ.ም. በሮማ የታተመው ልብ ወለድ ታሪክ የተባለው መጽሐፍ ነው። በኋላ በዋናይቱ ልጅ ስም ጦቢያ ተብሎ ታወቀ። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ በጦርነት ይማረካል። ማንነቱን የማያውቅ ደግ ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ነፃ ያወጣዋል። ቆይቶም ነጋዴው ራሱ መከራ ላይ መውደቁ ይሰማል። የአለቃው ልጅ ዋሕድ የአባቱን ውለታ ለመክፈል ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣል፤ እሱም በባርነት ይያዛል። መንታ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ትከተላለች። ከብዙ መከራ በኋላም ሁሉ በሰላምና በጋብቻ ይፈጸማል። መጽሐፉ ሲነበብ የደራሲው ሠዓሊነት አይደበቅም። የጦቢያን መልክ፣ የስደተኞቹን ድካም ሲገልጹ ቃሉን እንደ ቀለም እየደራረቡ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለውን ድርሰት ሁሉ ልብ ወለድ ብለን የምንጠራው ከዚህ መጽሐፍ ስም ወስደን ነው። የቋንቋ መምህራችን ልብ ወለድ አንብባችሁ ኑ ባሉን ቁጥር ሳናውቀው የዘጌውን ሰው ቃል እንጠራለን።

በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ልብ የሚነካ ነገር አለ። ታሪኩ የቆመው በውለታ ላይ ነው። የተቀበሉትን ደግነት መክፈል፣ ለዚህም ሲሉ እስከ ባርነት መድረስ የመጽሐፉ ሁሉ መሠረት ነው። ይህን የጻፉት ሰው ግን ያስተማሯቸውን ንጉሥና የወለደቻቸውን አገር ውለታ በጭንቅ ጊዜ ያልከፈሉ ናቸው። ይህን ሲጽፉ በልባቸው ምን ያስቡ እንደ ነበር እያንዳንዱ አንባቢ ራሱ ይመርምረው።

በ1909 ዳግማዊ ምኒልክ የሚለውን የንጉሠ ነገሥቱን ታሪክ አሳተሙ። ከንጉሡ ጋር ለመታረቅ የጻፉት ነው ብለው የሚገምቱ አሉ። ምኒልክን እጅግ አድርጎ ያመሰግናል፤ ዐፄ ቴዎድሮስንና ዐፄ ዮሐንስን ግን ክፉኛ ያንቋሽሻል። የዓድዋ ተወላጅ የሆኑት ምሁር ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1912 በወጣው ስለ ዐፄ ምኒልክ በጻፉት ጽሑፍ ይህን መጽሐፍ ተቹት። ታሪክ የሚጽፍ ሰው ለወዳጅም ለጠላትም ሳያደላ እውነቱን ማስቀመጥ አለበት የሚል ነበር ሐሳባቸው። ቢሆንም የአፈ ወርቅ አማርኛ ማማሩን የነቀፏቸው ሰዎች እንኳ ሊክዱ አልቻሉም። የገብረ ሕይወት ትችት ለእኛ ለተማሪዎችም ትምህርት ነው፤ ያማረ ቋንቋ ብቻውን እውነት አይሆንምና።

በ1912 አፈ ወርቅ ወደ ኤርትራ ተሻግረው በንግድ ሥራ ተሰማሩ። ዐፄ ምኒልክ ካረፉና ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። አገራቸው ይቅር አለቻቸው ማለት ይቻላል፤ ዕውቀት ያለው ሰው እጅግ በሚፈለግበት ዘመን ታላላቅ ሥራ ተሰጣቸው። በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ሆነው ነጋድራስ ተባሉ። በ1932 ደግሞ በሮማ የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው ተሾሙ። አንድ ጊዜ ለከዳ ሰው እንዲህ ያለ እምነት በብዙ አገር አይሰጥም።

ነገር ግን የፋሽስት ጦር በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ የቀድሞው ታሪክ ተደገመ። አርበኛው በጫካ ሲዋደቅ፣ ስደተኛው በባዕድ አገር ሲንከራተት፣ ነጋድራስ አፈ ወርቅ ከጠላት ጋር ቆሙ። ጣልያኖች አፈ ቄሣር የሚል ማዕርግ ሰጧቸው። ያ ጦቢያን የጻፈ ብዕር አሁን የወራሪውን መንግሥት እያመሰገነ በጋዜጣ ይጽፍ ጀመር። የጎጃምና የበጌምድር አርበኞች በገዛ ሐይቃቸው ዙሪያ ደማቸውን ሲያፈሱ የሐይቁ ልጅ ድምፅ ከገዳዮቹ ወገን ተሰማ። በዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል አያቶቻቸው በዚያ ዘመን የተዋደቁ ብዙዎች ናቸውና፣ ጓደኛችን ስማቸው ሲነሣ መቆጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ነጋድራስ ተይዘው ለፍርድ ቀረቡ፤ ተፈርዶባቸውም ወደ ጅማ ተጋዙ። በዚያም የዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። የጣናን ማለዳ ያዩት፣ በቶሪኖ ብርሃንና ጥላን መለየት የተማሩት፣ በእንጦጦ ቅዱሳንን የሣሉት ዓይኖች በግዞት ጨለሙ። በመስከረም ወር 1940 ዓ.ም. በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ገደማ በዚያው በጅማ ዐረፉ። ከዘጌም ከናፖሊም እጅግ ርቀው ነበር።

እንግዲህ ፍርዱ ምን ይሁን? በክፍላችን የተጀመረው ክርክር ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላም ፈጽሞ አልቆመም። እኛ ግን ከሕይወታቸው ሁለት ነገር ተማርን። አንደኛው፣ አስተዋይ ዓይንና ብርቱ እጅ ከማንኛውም ትንሽ መንደር ሊወጣ መቻሉ ነው። መኪና በማይታወቅበት ዘመን ከዘጌ ደን የወጣ ልጅ በቶሪኖ አካዳሚ ከተቀመጠና ለቋንቋችን አዲስ የድርሰት ዓይነት ከሰጠ፣ ከዱርቤቴ የሚወጣ ልጅም ደብተሩንና እርሳሱን ሊንቅ አይገባውም። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል፤ ትምህርት ሰውን ብልህ ያደርገዋል እንጂ በግድ ታማኝ አያደርገውም። ታማኝነትን ለብቻው መማር፣ ለብቻውም መጠበቅ ያስፈልጋል። ነጋድራስ አፈ ወርቅ አገራቸውን ሁለት ጊዜ በጭንቋ ሰዓት ጥለዋታል፤ ሁለቱም ጊዜ የተማሩ ሰው ነበሩ።

ስማቸውን ከመጽሐፍ ብንፍቅ ግን ጥፋታቸው አይፋቅም፤ የምናጣው ትምህርቱን ብቻ ነው። የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁንም ኃጥኡንም አብረው ይሥሉ የነበረው ይህን ስላወቁ ነው። ልዩነቱ እዚያ ጻድቁ በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡ ባንድ ዓይን መሣሉ ነው። የአፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሕይወት ግን በሁለቱም መንገድ ካልተሣለ አይሞላም።

በሚመጣው ዓመት ክፍላችን ባሕር ዳርን ሲጎበኝ ወደ ዘጌ እንድንሻገር መምህሮቻችንን እንለምናለን። በቡናው ጥላ ሥር ስንሄድ፣ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ፊት ስንቆም፣ ከዚህ ስፍራ አንድ ልጅ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ወደ ሩቅ አገር እንደ ሄደ እናስብ። ከእኛም መካከል ነገ ወደ ሩቅ የሚሄዱ አሉ። ሲሄዱ የሐይቁን መልክ በዓይናቸው ይዘው ይሂዱ፤ ሲማሩም የላካቸውን ሕዝብ አይርሱ።